እጄን ኑረዲን ደረት ላይ ሳሳርፍ

ኑረዲን ሞተ ሲሉኝ አላመንኩም። ይህን ስናገር ሰው «ደንግጠህ ነው» ይለኛል። የለም፣ ጠርጥሬ ነው። እኔ ኮምቦልቻ፣ የፕላስቲክ ጫማ የሚያመርት ፋብሪካ በር ላይ ፈታሽ ነኝ። በእኛ በር፣ ለፈቃድ ሲል አንዲት አክስቱን በዓመት ሦስቴ የሚቀብር ሰው አለ። ስለዚህ አንዱ የማሽን ክፍል ልጅ ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ «ጋሽ እንድሪስ፣ ኑሬ አረፈ፤ ደሴ ለቀብር ልንሄድ ነው፣ ያሳልፉን» ሲለኝ መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው። ቀልቷል። ሽንኩርትም ዓይን ያቀላል አልኩ በሆዴ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

«ማን ነገረህ?»

«እናቱ ደውለው።»

«ትናንት ማታ ደህና ሰው አልነበረም እንዴ? ምን ሆኖ?»

«ልቡ ነው አሉ ጋሼ። ልቡ ታሞ ኖሯል፣ ቆይቷል አሉ። ማንም አላወቀም።»

ይህን ስሰማ ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ማንም አላወቀም የተባለውን ነገር ያ እጅ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ፣ ከእሁድ በስተቀር በየቀኑ ሲነካው ነበር። የልጁ ልብ እንደ ሰው ልብ እንደማይመታ አውቅ ነበር። በሽታ መሆኑን ነው ያላወቅኩት። የሌባ ልብ መስሎኝ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ፈታሽነትን ያስለመዱኝ ከኔ በፊት በሩን የያዙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኪስ መዳበስ ማንም ይችላል አሉኝ። አንተ ግን ከኪሱ በፊት መዳፍህን ደረቱ ላይ አሳርፍ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ «ደህና ዋልክ?» በለው፣ የያዘው ነገር ካለ ልቡ እየደለቀ ይነግርሃል። ሞከርኩት፣ ሠራ። ዘለበት በካልሲው ሞልቶ የሚወጣ፣ ባዶ እግሩን ገብቶ ተጫምቶ የሚወጣ፣ ሶል ወገቡ ላይ ጠፍሮ «ወገቤን አሞኝ ነው» የሚል፣ ስንቱን ያዝኩበት! ሠራተኛው «የእንድሪስ እጅ» ይለው ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ደግሞስ የኛ አገር ሰው እነዚህን ያለፉ ዓመታት ካየ በኋላ ማንን ያምናል? ጎረቤት ጎረቤቱን በመጋረጃ ቀዳዳ ነው የሚያየው። ሰው ሁሉ በነፃ የሚጠረጥረውን እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ እጠረጥራለሁ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ኑረዲን ሲቀጠር ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸጋ ልጅ። ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚደፋው። የደሴ ልጅ ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተውበታል፤ እናቱ እትዬ ዘሀራ ፒያሳ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ሽርጥ እየሰፉ ነው ያሳደጉት። ሥራው የጋለው ማሽን ፊት ቆሞ ጫማውን ከቅርጹ ማላቀቅ ነበር። ከሥራ ውጭ ግን ራፕ የሚሉትን ነገር ይሠራል። «ቁልቁለት» ነው የሚባለው በዚያ ስሙ። ግጥሙን የሚያወጣው ጠዋት ጠዋት ከደሴ ሲመጣ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ነው አሉ። ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ከፊት ወንበር ያስቀምጡትና አንዱን መታጠፊያ በአንድ ስንኝ ያስወርዱታል። እኔ እንግዲህ በመንዙማና በድቤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያንን ነገር መጀመሪያ በአንዱ ስልክ ሲያሰሙኝ «ይሄ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?» ብዬ ጠይቄአለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። ሰልፉ ደርሶት ፊቴ ቆመ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። መዳፌን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ደህና ዋልክ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎስ ደህና ዋሉ ጋሼ?»

ልቡ ይደልቃል። መደለቅ ብቻ አይደለም፤ ይሮጥና ይደናቀፋል፣ እንደገና ይነሳና ይሮጣል። ወላሂ እንደዚያ ያለ ልብ ይዤ አላውቅም። ይሄስ ፋብሪካውን ነቅሎ ነው የሚወጣው ብዬ ኪሱን፣ ካልሲውን፣ ኮፍያውን አገላበጥኩ። ምንም የለም። እሱ ደግሞ እጁን እንደዘረጋ፣ እኔ በዳበስኩት ቁጥር በዚያው ልክ ይገጥም ጀመር፦

«ይፈትሹኝ ጋሼ፣ ኪሴስ ባዶ ነው፣
የሰረቅኩት ቃል ነው፣ አፌ የደበቀው።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በር ላይ «የሰረቅኩት» ተብሎ ይቀለዳል እንዴ? ሌባ ሲቀልድ ነው የሚያስፈራው ብዬ ያንን ቀን ስሙን በልቤ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያው ነው። እኔ እጄን አሳርፋለሁ፣ ልቡ ይንደፋደፋል፣ እኔ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ እፈትሸዋለሁ፣ ምንም አላገኝም። ምንም አለማግኘቴ ያረጋጋኝ መስሏችሁ? ባሰብኝ። በሌላ በር ያወጣል፣ ተባባሪ አለው፣ በአጥር ይወረውራል እያልኩ የአጥሩን ዙሪያ እስከመዞር ደርሻለሁ። እሱ ግን አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ሰው ሲያማርር «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» የሚል ልጅ ነበር፤ ማሽን ሲበላሽ አብሽሩ፣ ሚኒባስ ሲጠፋ አብሽሩ። አንዷ አብራው የምትሠራ ልጅ እናቷ ታመው ስታለቅስ ምሳ ሰዓት ሙሉ ስለ ፋብሪካው ድመት ግጥም እያወጣ አስቋታል። ያቺ ልጅ አሁንም ስሙን ስታነሳ ታለቅሳለች።

ጓደኞቹ ፈጣን መሆኑን ሲያደንቁለት እሱ «ፍጥነት ምን አላት፣ ጣጣው ትንፋሹ ላይ ነው» ይል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አራት ስንኝ እንደሄደ ቀጥ ይላል። ቡጢውን ጎኑ ላይ ያስደግፋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ይህ ስልቱ ነው ተባለ። ፒያሳ ያሉ ልጆች ሁሉ ያዙት፤ ራፕ እንሠራለን ያለ ጎረምሳ ሁሉ አራት ስንኝ ብሎ ቡጢውን ጎኑ ላይ አድርጎ ያለከልካል። ጤነኛ ልጆች! ሺፍት መሪው ያንኑ ትንፋሽ ማሽን ፊት ሲያዩ ሰነፍ ነው አሉ። እናቱ ጫት ነው አሉ። እኔ ደግሞ ያልኩትን ነግሬአችኋለሁ።

ያለፈው ዓመት ዒድ ሰሞን ደሴ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት አለው ተባለና ሄድኩ። ልሰማው መስሏችሁ? ልሰልለው። በብርዱ ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላ ቆምኩ። መድረክ ላይ ሲወጣ ከሁሉ በፊት እግሩን አየሁ፤ የኛው ፋብሪካ ጫማ! ያውም በዚያው ሳምንት ከማሽን የወረደ፣ ገና ሱቅ ያልገባ ባለ ሁለት ዘለበት ዓይነት። በቃ፣ ያዝኩህ አልኩ። ይባስ ብሎ እግሩን አንስቶ ለሕዝቡ እያሳየ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ በእጄ!» ይላል። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ቃሉን እንደ ምስክር እይዛለሁ።

መሀል ላይ እንደልማዱ ቀጥ አለ። የዚያን ቀን ግን ቆየ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አጎንብሶ ቀረ። አዳራሹ ስልቱ መስሎት በጩኸት ተናጋ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዓይኑ ሕዝቡ ላይ ዞረና እኔ ላይ አረፈ። ሳቀ።

«ዛሬ ፈታሼም መጥተዋል! ደረቴን ከኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ አጨብጭቡላቸው!»

አንድ ሺህ ዓይን ወደኔ የዞረ መሰለኝ። ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ጋቢዬን ወደ ፊቴ ስቤ ወጣሁ። እስከ መናኸሪያው ድረስ ስሳደብ ነው የሄድኩት።

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ ከሰልፉ ነጥዬ ጥበቃ ክፍል አስገባሁት። ልብስህን አውልቅ አልኩት። አወለቀ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ግጥም የተጻፈበት አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ጫማውን ከየት አመጣኸው ስለው «ሺፍት መሪው ለሦስታችን ለሙከራ ሰጡን፣ እያደረጋችሁ እዩት ብለው» አለኝ። ሺፍት መሪው ፈቃድ ላይ ነበሩ። ምቹ ውሸት ነች አልኩና ሪፖርቴን ጻፍኩ። ለበላይ ኃላፊው በቃልም ነገርኳቸው፦ «ልቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲመሰክርበት ነው የኖረው። ሌባ ነው።» ኑረዲን እስኪጣራ ከሥራ ታገደ።

በአሥረኛው ቀን ሺፍት መሪው ተመለሱ። ጫማውን የሰጠሁት እኔ ነኝ አሉ። ያን ሰሞን ከመጋዘን ይጠፋ የነበረው ዘለበትም በነዚያ አሥር ቀናት መጥፋቱን አላቆመም። የሚወስደው አንድ ጸጥተኛ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የምሳ ዕቃው ተገልብጦ ነው የተያዘው። ያንን ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ደረቱን ነክቼዋለሁ። ልቡ ዝም ያለ፣ ሰላማዊ ነበር። እንዲያውም «አንተን መፈተሽ ድካም ነው» እያልኩ አሳልፈው ነበር።

ኑረዲን ተመለሰ። ይቅርታ አላልኩትም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ኋላ ግን የዘለበቱ ሌባ ሌላ ከሆነ የዚህኛው ልብ ታዲያ ለምን ይደልቃል አልኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አንዱን ጥርጣሬ ሲያስጥሉኝ ሌላውን አነሳለሁ።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ሰልፉ ሳስቶ፣ ፊቴ ቆመ። እጁን እስከ ትከሻው ብቻ አነሳ፤ ከዚያ በላይ ማንሳት እንደደከመው ያስታውቅ ነበር። መዳፌን አሳረፍኩ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ደረቴ ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ ምን ይሰማዎታል?»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

«ወላሂ አላውቅም። የሌላው ሰው ከኔ ይለያል እንዴ?»

ይህን ሲለኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ብልሃቴን ሊወስድብኝ ነው አልኩ። የሌላው ሰው ልብ እንዴት እንደሚመታ ከነገርኩት መላ ፈልጎ ያታልለኛል ብዬ ፈራሁ።

«ይህን ማወቅ ለምን አስፈለገህ?»

«እንዲሁ ነው» አለና ትንሽ ቆመ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ነበር፣ አፉን ከፍቶ ነበር። «እለፍ፣ ሰው አታስቁም» አልኩት። አለፈ። ለዚያ ልጅ፣ ያንተ ይለያል፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ አላልኩም። በአምስተኛው ወር ሞተ።

ቀብሩ ላይ ደሴ ጭጋግ ለብሳ ነበር። የሰው ብዛት ጉድ ነው፤ ጎረምሳው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ጀናዛው ከመሰገዱ በፊት አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያ ጀማዐ! ይህ ልጅ የበደለው፣ ያስቀየመው ሰው ካለ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት» አሉ። «አውፍ ብለናል!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። ከኔ ጉሮሮ አልወጣም። እሱ እኔን ምን በደለኝና ነው ይቅር የምለው? የበደልኩት እኔ፣ ይቅር ማለት የሚችለው እሱ፣ እሱ ደግሞ በከፈን ተጠቅልሏል። በሕይወት ለቀረነው በዳዮች ግን አውፍ የሚጠይቅልን ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ተጀመረ። አንዱ ተፎካካሪዎቹ አንድ ነገር አጠጥተውት ነው ይላል። አንዱ ክኒን ይወስድ ነበር ይላል። አንዷ ዓይን ነው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያይህ ዓይን ይበላሃል ትላለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉም ቀድሜ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ከኋላ አንድ ልጅ «ፋብሪካውም ውስጥ ያዋክቡት ነበር አሉ» ሲል ግን ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ። አውቆ ነው? ለኔ ነው የተናገረው? ዞሬ ለማየት እንኳ አልደፈርኩም። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ መጠርጠር ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ እንቅልፍ የለም። ልጆቹ በሩ ላይ ሲንሾካሾኩ ስለኔ ነው እላለሁ። ከሞተ በኋላ ሊወጣ ያለ ዘፈን አለ ሲሉ ስሜን አንስቶበት ይሆን እላለሁ። የባሰው ደግሞ ከደሴ የሚመጣው ወሬ ነበር፦ እትዬ ዘሀራ ለተዕዚያ ሊያጽናናቸው የመጣውን የፋብሪካ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ አሉ። ምን ብለው? «ልጄ ደረቴን ብሎ ያውቃል? የሚያውቅ አለ?» ብለው። እኔን ነው የሚፈልጉት አልኩ። አንድ ሰው ነግሯቸዋል፣ እስክመጣ እየጠበቁኝ ነው። ላለመሄድ አሰብኩ። አለመሄዴም ያስጠረጥረኛል ብዬ በሦስተኛው ሳምንት ሄድኩ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። የስፌት መኪናቸውን ከበረንዳው አምጥተው በሩ ጥግ አድርገዋታል። ጭናቸው ላይ ያልተጠናቀቀ ሽርጥ ይዘው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ ዘሀራ። እንድሪስ እባላለሁ፣ ከፋብሪካው ነኝ። አላህ ጽናቱን ይስጥዎ።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ የበሩ?» ቀና አሉ። «ይቀመጡ። ኑሬ ያነሳዎት ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ሥራ ስጨርስ ደረቴን ይዘው ደህና ዋልክ የሚሉኝ አንድ አባት አሉ ይለኝ ነበር። አባት የሌለው ልጅ አይደል፣ ደስ ይለው ነበር።»

ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ እመርጥ ነበር። እየፈተኑኝ ነው አልኩ መጀመሪያ፤ ሁሉን አውቀው እንድናገር ነው የሚጎትቱኝ። ፊታቸውን አየሁ፣ እንደ ልማዴ ዓይናቸውን መረመርኩ። የደከመ ዓይን ነው፤ ሌላ ምንም አላገኘሁበትም።

«ልጠይቅዎ» አሉ። «የመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፣ አይቀየሙኝ። ደክሞኛል፣ ደረቴን ብሎ ያውቃል? ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ነበር፣ ያን ሌሊት ያየው ሐኪም በሽታው ከዚያ የመጣ ነው አለኝ፣ ልቡን በልቶታል። ከዓመት በፊት ብታመጡት ኖሮ አለ። እኔ እናቱ ሲያለከልክ ባየሁት ቁጥር ጫት ነው ብዬ ስቆጣው ኖርኩ። ሌላ ሰው አንድ ነገር ካየ ግን ልስማው። የሚያውቅ ኖሮ ዝም ካለ ልወቀው።»

አላውቅም ብል ማንም አይመሰክርብኝም ነበር። እጄን ያየው ሁሉ ሲፈትሽ ነው የሚያየው። ስገባ የቀረበልኝን፣ ያልነካሁትን ሻይ አየሁ፣ በሩን አየሁ።

«እኔ አውቅ ነበር» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሽማግሌውን ምክር፣ የሚሮጠውንና የሚደናቀፈውን ልብ፣ ጫማውን፣ ልብሱን ያስወለቅኩትን፣ በዝናቡ ቀን የጠየቀኝን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ሽርጡን ከጭናቸው አንስተው ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»

«በየቀኑ?»

«ከእሁድ በስተቀር።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለኃላፊው» አልኩ። «ሌባ ነው ብዬ።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ የጎረቤት ሕፃን አለቀሰ። ቢጮሁብኝ፣ ቢረግሙኝ፣ ውጣ ቢሉኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እትዬ ዘሀራ፣ ለአላህ ብለው አውፍ ይበሉኝ።»

በዚያው ቀስ ባለ ድምፃቸው እንዲህ አሉኝ፦

«አላህ አውፍ ይበልዎ ጋሽ እንድሪስ። እኔ ገና ነኝ። በአርባው ሰደቃ አወጣለሁ፣ ያኔ ይምጡና ይጠይቁኝ። እችል እንደሁ አላውቅም።»

በር ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባስ ስይዝ ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩት፤ ለማዋረድ ይሆን፣ ለመቅጣት ይሆን አላልኩም። እንዳሉት ነው። ገና ናቸው፣ እንደሚችሉም አያውቁም። አመንኳቸው።

በሩ ላይ አሁንም እሠራለሁ። ደረት መንካት ትቻለሁ፣ ሰዉ ግን ስለለመደ ፊቴ ሲደርስ ራሱ ደረቱን ያቀርብልኛል፤ እለፍ፣ እለፍ እላለሁ።

አርባው የፊታችን ቅዳሜ ነው።